ነርሷ ወደ ለይቶ ማከሚያ ከሄደች የአእምሮ ሕሙማኑ ክትትል

የአእምሮ ጤና ነርሳችሁ ወደ ኮሌራ ማከሚያው ተዛውራ ክፍሏም ከተዘጋ፣ ክፍሉን ለማስከፈል ከመሟገትዎ በፊት የክትትል መዝገቡን ዛሬውኑ ያውጡ። ቀጠሮ ያለፈባቸውን በስም ለይተው በዚህ ቅደም ተከተል ይድረሱላቸው፦

1. ፌኖባርቢታል የሚወስዱ የሚጥል በሽታ ታማሚዎች። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ እሱም ይገድላል። እነዚህ ነገ አይባሉም።
2. ለከባድ የአእምሮ ሕመም በየወሩ የፍሉፌናዚን መርፌ የሚወጉ። መውጋቱን ተመላላሽ ክፍል ያለ ማንኛውም ነርስ ይችለዋል፤ የሚጎድለው ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ነው።
3. ለዚሁ ዓይነት ሕመም የሚሰጡት የሃሎፔሪዶልና የክሎርፕሮማዚን ክኒን ተጠቃሚዎች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ኮሌራ ለማስተማር ቤት ለቤት መዞሯ አይቀርም፤ የስም ዝርዝሩን ይስጧት።

ማከሚያው መግቢያ ቅጽ ላይም አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «በየቀኑ የሚውጡት ክኒን አለ?» ካለ፣ አልጋ ይዘውም እንዳይቋረጥባቸው። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ከተገኘ ግን (ገጠር ላይ ብርቅ ነው) ወዲያው ለሐኪም ይነገር፤ ተቅማጡ ሰውነትን ሲያደርቅ ሊቲየሙ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዛል።

አንድ ጥንቃቄ። ምልልስ ለመቀነስ የሦስት ወር መድኃኒት ባንዴ መስጠት ለብዙዎቹ ደህና ነው፣ ለድባቴ ለሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ግን አይሆንም። ድባቴ የበረታበት ሰው ያን ሁሉ ባንዴ ከዋጠው የልብ ምቱ ተዛብቶ ሊሞት ይችላል። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካሰበ የአንድ ሳምንት ብቻ፣ ያውም ቁልፍ ያለው ሳጥን ላለው ቤተሰብ ይስጡ።