ከካሜራው በፊት ሳጥኑን ተመልከቱ

ዱባይ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ዕረፍት ሳገኝ ለስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ጋን በጀርባ አዝሎ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ፣ ወደ ፉጃይራ እነዳለሁ፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጀልባው ላይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን አማርኛ እሰማለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። ስኩባ ዳይቪንግ የጀመረ ልጅ ሁሉ ታዲያ ሰላምታ ሳንጨርስ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወንድሜ፣ ምን ካሜራ ልግዛ? ውድ እንዳይሆን ብቻ።» ለፍታችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ ነውና ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ስልኩን እንተወው። አብዛኞቹ አዳዲስ አይፎኖች 6 ሜትር ድረስ ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላሉ ይባላል። ይህ ግን ስልኩ በድንገት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ለማለት ነው። ዋስትናውም ውሃ ገብቶበት የተበላሸውን አይሸፍንም።

ካሜራ ላይም የሚጻፈውን ሜትር በጥንቃቄ አንብቡ። የመጀመሪያውን የኦፕን ዋተር ኮርስ የጨረሰ ሰው እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ስለሚጨመር፣ እዚያ ታች ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጎፕሮ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ያለ ተጨማሪ ሽፋን የሚችለው 10 ሜትር ነው። ኦሊምፐስ ቲጂ 7 የሚባለው ካሜራ ደግሞ 15 ሜትር። ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 4 በትክክል 18 ሜትር ይላል፤ እኔ ግን የመጨረሻው ጫፍ ላይ ካሜራዬን አልፈትንም። ስለዚህ ሃውዚንግ የሚባለው ውሃ የማያስገባ ሳጥን የግድ ነው። የጎፕሮው እስከ 60 ሜትር ያወርዳል። ዋጋ ስታወዳድሩ ካሜራውን ከነሳጥኑ ደምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ያገለገለ ጎፕሮ ነው። ጎፕሮ 12 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 ሲወጣ 400 ዶላር ነበር፤ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል። ደግሞ 9፣ 10፣ 11 እና 12 አንድ ዓይነት ሳጥን ነው የሚወስዱት። ዛሬ 9ን ገዝታችሁ ነገ 12 ብትቀይሩ ሳጥኑ ያገለግላችኋል። ድክመቱ ትንንሽ ነገር ላይ ነው። አውራ ጣት የምታክል ፍጥረት አጠገቧ ሄዳችሁ ብታነሷት ትደበዝዛለች። እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ቲጂ 7 ይሻላል፤ በጣም ተጠግቶ አጥርቶ ያነሳል። እሱ ግን ሲወጣ 550 ዶላር ነበር፣ ሳጥኑም ለብቻው ውድ ነው። የመጀመሪያ ካሜራ አድርጋችሁ ባትጀምሩበት እመርጣለሁ።

የተረፈችውን ገንዘብ የውሃ ውስጥ የእጅ ባትሪ ግዙበት። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል። 5 ሜትር ስትወርዱ ቀይ መደብዘዝ ይጀምራል፤ 18 ሜትር ላይ ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ነው። በ2,000 ዶላር ካሜራም ብታነሱ ያው ነው። ሌላው አማራጭ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ርካሽ ቀይ ፊልተር ነው፤ ከ5 እስከ 20 ሜትር ባለው ጥልቀት፣ ፀሐይ ሲኖር ይረዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትጠቀሙ፣ ምስሉ ቀይ ይሆናል። የፉጃይራ ባሕር እንደ ቀይ ባሕር ሁልጊዜ የጠራ አይደለም። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ነገር አለ። መብራቱን ከካሜራው አጠገብ ካደረጋችሁት በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። ስለዚህ ክንዳችሁን ዘርጋ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠጉ። ከአንድ ሜትር በላይ ከራቃችሁ ቀለሙ ይጠፋል።

አሁን ስለ ኦሪንግ። መኪና የሚጠግን ዘመድ ያለው ሰው ያውቃታል፤ የሳጥኑን በር ዙሪያ የምትዘጋው የጎማ ቀለበት ናት። የመጀመሪያ ካሜራዬን ያጣሁት በእሷ ነው። ጀልባው ላይ ሚሞሪ ልቀይር ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ከፎጣዬ የወጣች አንዲት ክር ቀለበቷ ላይ አርፋ ነበር። አላየኋትም። 12 ሜትር ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ውሃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን ዕለት በጣም አዝኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ቤት ውስጥ፣ ኤሲ በበራበት ክፍል እዘጋዋለሁ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ መስታወቱ በጉም አይሸፈንም። ቀለበቷን በጣቴ ዳስሼ አያታለሁ፤ የሲሊከን ግራሶ የምትቀባ ዓይነት ከሆነች በስሱ ብቻ እቀባታለሁ። አዲስ ሳጥን ስገዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤው የምወርደው ባዶውን፣ ውስጡ ሶፍት አድርጌ ነው። ሶፍቱ ደርቆ ከተመለሰ ካሜራውን አስገባለሁ። ስወጣም ሳጥኑን ሳልከፍት ባልዲ ንጹህ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈውና ቁልፎቹን እጫናቸዋለሁ፤ ጨው ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይለቅም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ጠለቃዎች ካሜራ አትያዙ። ውሃ ውስጥ ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ መቆም ጊዜ ይፈልጋል። ዓይኑ ስክሪን ላይ የተተከለ ጀማሪ የአየሩን መለኪያ ይረሳል፤ ኮራሉንም በእግሩ ይሰብራል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ በዓመት የሚያድገውም በጣም ጥቂት ነው። እዚያው ፉጃይራ ባለችው ስኑፒ ደሴት አካባቢ የባሕር ኤሊ ካገኛችሁ አታሳድዷት፤ ረጋ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ብዙ ጊዜ ራሷ ትጠጋለች።

ለበዓል ሀገር ቤት የምትገቡ ደግሞ የመጨረሻውን ጠለቃ ከበረራው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ቀደም አድርጉት፤ ጠልቆ ወዲያው ከፍታ ላይ መውጣት ለሰውነት አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአውሮፕላን ወርዳችሁም ከፍታው አይለቃችሁም። የካሜራውን ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ ጭነት ውስጥ አይፈቀዱም። ያቺን የመጨረሻ ቀን ዕቃችሁን አጥባችሁ ጥላ ስር አድርቁት፤ እናንተም ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ያነሳችሁትን ተመልከቱ።