ምራቅና አክታ

ጥያቄ፦ እናቴ ሳል ስለጸናባት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። «አክታ ይዘው ይምጡ» ብለው ዕቃ ሰጧት። ይዛ የሄደችውን ግን «ይህ ምራቅ ነው» ብለው መለሱባት። እኛ ቤት «አክታ» ማለት ስለሚያስጸይፍ ሁሉንም «ምራቅ» ነው የምንለው። ለመሆኑ ሁለቱ ቃላት ይህን ያህል ይለያያሉ?

መልስ፦ ይለያያሉ፤ ባለሙያውም አልተሳሳተም። አማርኛ በዚህ በኩል ስስት የለበትም፦ አፍ ውስጥ የሚመነጨው ምራቅ፣ በከንፈር የሚዝረበረበው ለሃጭ፣ ከአፍንጫ የሚወርደው ንፍጥ፣ ከደረት በሳል የሚወጣው አክታ ነው። ምራቅ እንዲያውም ክብር አለው፤ ሽማግሌ «እንትፍ፣ እንትፍ» እያለ ይመርቅበታል፤ የበሰለ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። አክታውን ዋጠ ተብሎ የተመሰገነ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ቤተሰብዎ ጨዋውን ቃል መምረጡ አይገርምም፤ ጣጣው የመጣው ጨዋነቱ ዕቃው ውስጥ ሲገባ ነው።

ማይክሮስኮፕም እንደ አማርኛው የሚጠይቀው «ከየት መጣ?» ብሎ ነው። ናሙናው ከአፍ ውስጥ በተላጡ ጠፍጣፋ ሴሎች ከተሞላ ምራቅ ይባላል። ከሳንባ የአየር ከረጢቶች የሚመጡ ማክሮፋጅ የተባሉ ተከላካይ ሴሎች ከታዩበት ግን በእርግጥ ከደረት ወጥቷል። የቲቢ ባክቴሪያ የሚፈለገው በዚህኛው ነው፤ ዚል ኒልሰን በሚባለው የማቅለም ዘዴ ሲዘጋጅ በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ይታያል። በአስም ሕመምተኛ አክታ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እንደ ፈትል የተጠማዘዘ የዝልግልግ ክር ይገኛል። በጉንጭ ምራቅ ውስጥ ይህን መፈለግ ድካም ነው። በእኔ አስተያየት ስሙን ብቻ ሳይሆን ግሱንም ማስተካከል ያስፈልጋል፦ ምራቅ ይተፋል፤ ለአክታ ግን «ይትፉ» ከማለት «አፍዎን ተጉመጥምጠው፣ በረጅሙ ተንፍሰው፣ ከደረትዎ በሳል ያውጡ» ቢባል ኖሮ እናትዎ ባልተመላለሱ ነበር።

ካነሳነው አይቀር፣ ውጤት ሲነገርዎ «ነቀርሳ» በሚለው ቃል ብቻ አይርኩ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር። አክታ ውስጥ የካንሰር ሴልም ሊታይ ስለሚችል፣ የቱ እንደሆነ በስሙ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ባዕዱ ቃል ከአገሬው የጠራ ነው፤ ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም።

«ባክቴሪያ አልታየም» ከተባሉም «የለም» ብለው አይተርጉሙት። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ባክቴሪያ መኖር አለበት። ከዚያ ያነሰው ከዐይን ያመልጣል፤ ሐኪሙ «አልታየም» የሚል ወረቀት በእጁ ይዞ ሌላ ምርመራ የሚያዘውም ለዚህ ነው።