ተርፎ የተያዘብን ቅድመ ግብር ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል?

ጥያቄ፦ ድርጅታችን የቢሮ ማሽኖችንና መለዋወጫዎችን ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። በ2016 የግብር ዘመን 35,000,000 ብር ሸጠን ግብር የሚከፈልበት ትርፋችን 1,200,000 ብር፣ የትርፍ ግብራችን ደግሞ 360,000 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት ገዢዎቻችን በ2 በመቶ ሒሳብ 700,000 ብር ቅድመ ግብር (ከዓመቱ ግብር ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ) ቀንሰውብናል፤ በጉምሩክ 330,000 ብር ከፍለናል፤ ባንካችንም ከተቀማጭ ሒሳባችን ወለድ ላይ 80,000 ብር ግብር ይዟል። በእኛ ስሌት 750,000 ብር ይተርፈናል። የግብር ማስታወቂያችንን (የዓመቱን የግብር ማሳወቂያ ቅጽ) ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. አቅርበን ተመላሽ ስንጠይቅ የግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ባለሙያ «ገንዘቡ አይመለስም፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል» ብለው በቃል ነገሩን። የ2017ቱን ማስታወቂያ ገና አላቀረብንም። ከሦስት ገዢዎች ማግኘት የሚገባን በድምሩ የ96,000 ብር የቅድመ ግብር ደረሰኝም በእጃችን የለም። ባለሙያው ያሉት ትክክል ነው? ጥያቄያችንን ብንገፋበትስ ኦዲት እንዳይመጣብን እንሰጋለን።
ሥራ አስኪያጁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለሙያው የነገሩዎት ትክክል አይደለም። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። መነሻው የተረፈው ገንዘብ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል የሚል ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሸጋገረው ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህንን ሳያውቁ ገንዘባቸውን ከዓመት ዓመት ሲያንከባልሉ ስለማይ ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የተረፈው ቅድመ ግብር ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱም ተመላሽ የሚጠይቅ ድርጅት አንዳች ነገር የደበቀ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 92 መሠረት፣ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት ገዢ ለዕቃ ከ10,000 ብር፣ ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ሲከፍል በ2016 የግብር ዘመን በነበረው ተመን ከጠቅላላው ክፍያ 2 በመቶ ይቀንስ ነበር። ቅናሹ የሚሰላው በሽያጭ ላይ ሲሆን የድርጅት ግብር 30 በመቶ የሚሰላው ግን በትርፍ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ተመን ሽያጩ በሙሉ ቅድመ ግብር የሚቀነስበት ነጋዴ ትርፉ ከሽያጩ 6.7 በመቶ ገደማ ካልደረሰ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግበት በላይ ከፍሎ ይገኛል። የእናንተ ትርፍ ከሽያጫችሁ 3.4 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ በአንቀጽ 91 መሠረት ለንግድ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ፣ መድንና ማጓጓዣ ድምር ላይ የሚከፈለው 3 በመቶ አለ። የተረፈው ገንዘብ የወጣው ከቀመሩ ነው፤ የሚያሳፍርም የሚያጠራጥርም ነገር የለበትም። ማመልከቻችሁ ላይ ይህንኑ ስሌት በአንድ አንቀጽ አስፍሩት። ፋይሉን የሚይዘው ባለሙያ ሌላውን ሰነድ ከማገላበጡ በፊት ገንዘቡ ለምን እንደተረፈ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የጠየቃችሁት 750,000 ብር ልክ አይደለም። ከባንክ ወለድ ላይ የተያዘው 80,000 ብር መውጣት አለበት። እንደ እናንተ ላለ የገንዘብ ተቋም ላልሆነ ድርጅት ከተቀማጭ ወለድ ላይ የሚያዘው ግብር የመጨረሻ ግብር ነው። ወለዱ ዳግመኛ ከትርፍ ጋር ተደምሮ ግብር አይከፈልበትም፤ የተያዘውም ግብር ከትርፍ ግብር ጋር አይካካስም። ሒሳብ ሹማችሁ ወለዱን ከንግድ ገቢ ጋር ደምረውት ከሆነ ያም መስተካከል አለበት። ስለዚህ ለማካካሻ የሚቀርበው 700,000 እና 330,000፣ በድምሩ 1,030,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 360,000 ብር የትርፍ ግብር ሲነሳ 670,000 ብር ይተርፋል። ጥያቄያችሁ በዚህ ቁጥር ይቁም። ተመላሽ በሚጠየቅበት ፋይል ላይ አንድ የማይገባ መስመር ከተገኘ የቀረው ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል።

የመብታችሁ መሠረት የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 49 ነው። በዓመቱ ውስጥ ተቀንሶ የተያዘው ወይም በቅድሚያ የተከፈለው ግብር ከዓመቱ የገቢ ግብር ከበለጠ፣ የተረፈው ገንዘብ በመጀመሪያ በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት ላለባችሁ ሌላ ዕዳ ይውላል፤ ቀጥሎ በሌላ የታክስ ሕግ ለሚፈለግባችሁ ዕዳ፤ የቀረው ለእናንተ ይመለሳል። ተመላሹ መከፈል ያለበትም የዓመቱ ማስታወቂያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ነው። እናንተ ያቀረባችሁት ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለሆነ 90ው ቀን የሞላው ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለዘገየው ጊዜ ወለድ ይታሰብላችኋል፤ መጠኑም በአገሪቱ በሥራ ላይ በዋለው ከፍተኛ የንግድ ብድር ወለድ ልክ ነው። ይህንን ወለድ የሚጠይቅ ግብር ከፋይ ብዙ አይደለም። ጠይቁት። ባለሥልጣኑ ለዘገየ ግብር ወለድ እንደሚያስብ ሁሉ ለዘገየ ተመላሽም እንዲያስብ ያዘዘው ያው ሕግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነጥብ በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ማስታወቂያውን ስትሞሉ የተረፈውን ሒሳብ በሚመለከተው ቦታ ላይ «ይሸጋገር» የሚል መርጣችሁ ፈርማችኋል? ወይስ ሒሳብ ሹሙ በልማድ ሞልተውት ይሆን? ቅጂውን አውጥታችሁ ዛሬውኑ ተመልከቱ። ተሞልቶ ከተገኘ ቅርንጫፉ «የጽሑፍ ስምምነታችሁ ይኸው» ሊል ይችላል። በእኔ እምነት በቅጽ ላይ የተደረገ ምልክት ብቻውን ሕጉ የሚጠይቀው ስምምነት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ክርክሩ ግን ከባድ መሆኑን አልደብቃችሁም። ካልተሞላ ቅርንጫፉ በራሱ ፈቃድ የሚያሸጋግርበት መንገድ የለውም፤ የባለሙያው ቃልም የእናንተን ፊርማ አይተካም።

የ2017ቱን ማስታወቂያ ገና አለማቅረባችሁ ዕድል ነው። የግብር ዘመናችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ጊዜ አላችሁ። ከዚያ በፊት ቁርጣችሁን ወስኑ፤ ወይ ገንዘቡን ጠይቁ ወይ አሸጋግሩ። በማስታወቂያው 670,000 ብሩን እንደ ተሸጋጋሪ ቀንሳችሁ በጎን ደግሞ ተመላሽ ብትጠይቁ ያንኑ ብር ሁለት ጊዜ መጠቀም ይሆንባችኋል፤ ለቅጣትም ይዳርጋል። የሚቀጥለው ዓመት ትርፋችሁ ከፍ እንደሚል እርግጠኛ ከሆናችሁ ማሸጋገሩ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ክርክርም የለበትም። በዚህ ትርፍ መጠን የምትቀጥሉ ከሆነ ግን በሚቀጥለውም ዓመት ሌላ የተረፈ ቅድመ ግብር ይደመርበታል እንጂ አያልቅም። ለናንተ የምመክረው ተመላሹን ነው።

ማሸጋገር ስል የኪሳራ ማሸጋገርን ማለቴ አይደለም። ኪሳራ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነስ ሲሆን የራሱ የዓመት ገደብ አለው። የተረፈ ቅድመ ግብር ግን ከግብሩ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ጽፈው የሚያቀርቡ ሒሳብ ሹሞች ስላሉ መዝገባችሁን ፈትሹ። የተቀነሰባችሁ ግብር በሒሳብ መዝገባችሁ ላይ ከመንግሥት የሚሰበሰብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ወጪ ተደርጎ ከተመዘገበ ትርፋችሁን ስላሳነሰ ተመላሹን ከመጠየቃችሁ በፊት ይስተካከል። ተጨማሪ እሴት ታክስም የራሱ ሕግና የራሱ የተመላሽ ሥርዓት ስላለው ከዚህ ማመልከቻ ጋር አይቀላቀልም።

የደረሰኙ ጉዳይ ከባዱ ሥራ ነው፤ ተመላሽ የሚሰናከለውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ቀንሶ ያስቀረው ገዢ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በእጃችሁ ያሉትን ደረሰኞች አንድ በአንድ ዘርግታችሁ እዩ፤ የድርጅቱ ስም በንግድ ምዝገባ ላይ እንዳለው ነው ወይስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በምትጠቀሙበት አጭር ስም? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አንድ አኃዝ አልተዛነፈም? ቀኑ በግብር ዘመኑ ውስጥ ነው? በሰኔ መጨረሻ ዕቃ አስረክባችሁ ክፍያው በሐምሌ የወጣ ከሆነ ሽያጩ በ2016፣ ደረሰኙ በ2017 ይወድቃል፤ መርማሪው የሚይዘው ይህንን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥሩን፣ የሽያጩን ቀን፣ የክፍያውን ቀን፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የተቀነሰውንና ባንክ የገባውን ገንዘብ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ጠቅላላ ዋጋው በሽያጭ መዝገባችሁ ላይ ሳይሸራረፍ መታየት አለበት። 100,000 ብር ሸጣችሁ 98,000 ብር ስለተቀበላችሁ 98,000 ብር ብቻ የመዘገባችሁበት ቦታ ካለ፣ ገቢ ደብቃችሁ ማካካሻ እየጠየቃችሁ ነው ማለት ነው። ለጉምሩኩ 330,000 ብር ደግሞ ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ የቀረበው ሰነድ) እና የክፍያ ደረሰኙ አብረው ይቅረቡ።

የ96,000 ብሩን ደረሰኝ ላልሰጧችሁ ሦስት ገዢዎች ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፉ። ደረሰኙ ከጠፋ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ፣ ስማችሁና መለያ ቁጥራችሁ የሰፈረበትን የወሩን የቅድመ ግብር ማስታወቂያ ዝርዝር እና ገቢ ያደረጉበትን ማረጋገጫ ጠይቁ። ቀንሶ ገቢ የማድረጉ ግዴታ የእነርሱ ስለሆነ የእነርሱ ቸልተኝነት እናንተን ሊጎዳ አይገባም ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ይሁን እንጂ ቀንሰዋል ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። እስኪገኝ ድረስ ሙሉውን ማመልከቻ አታቆዩ። በደረሰኝ የተደገፈውን 574,000 ብር በአንድ ሠንጠረዥ፣ ያልተሟላውን 96,000 ብር በሌላ ሠንጠረዥ ለይታችሁ፣ የሁለተኛው ማስረጃ እንደሚቀርብ ገልጻችሁ አስገቡ።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁን ጥቀሱ፤ የደመወዝ ግብርም ሆነ ሌላ ዕዳ ካለባችሁ አስቀድማችሁ አጣርታችሁ ክፈሉ ወይም እንዲካካስ ጠይቁ። አንቀጽ 49 ከሚሸፍነው ውጭ ያለ ትርፍ ክፍያን በሚመለከተው በአንቀጽ 50 ላይ ከክፍያው ቀን ጀምሮ የሦስት ዓመት ገደብ ተቀምጧል። የእናንተ ጉዳይ በአንቀጽ 49 ሥር ቢወድቅም ይህ ክርክር እንዳይነሳባችሁ የሦስት ዓመቱን ጊዜ አታሳልፉ፤ በሐምሌ 2015 ለተቀነሰባችሁ ገንዘብ ያ ጊዜ ሐምሌ 2018 ላይ ይሞላል።

በቃል የተሰጠ መልስ ይግባኝ አይባልበትም። ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ተመላሽን መከልከል ወይም መጠኑን መወሰን በአዋጁ «የታክስ ውሳኔ» ስለሆነ፣ በደረሳችሁ በ21 ቀናት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ቅሬታ ማቅረብ ይኖርባችኋል። በቅሬታው ላይ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም የተሰጠው ካላረካችሁ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ትላላችሁ። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ ያለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ስህተትን ነው። ደረሰኝ ልክ ነው አይደለም፣ ሽያጩ ተመዝግቧል አልተመዘገበም የሚለው ፍሬ ነገር የሚያልቀው ከዚያ በታች ነው። በቅሬታው ጊዜ ያላቀረባችሁትን ሠንጠረዥ በፍርድ ቤት እናቀርባለን ብላችሁ አትጠብቁ።

ኦዲቱን በተመለከተ፦ ተመላሽ ስትጠይቁ መዝገባችሁ ሊታይ እንደሚችል ጠብቁ። ነገር ግን ባትጠይቁም ባለሥልጣኑ ማስታወቂያው ከቀረበ በኋላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ግብሩን አሻሽሎ መወሰን ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ ይህ ገደብ አያግደውም። ዝም ማለት ከኦዲት አያድንም፤ ገንዘቡን ብቻ ያስቀራል። መዝገባችሁ ላይ የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ ከማመልከቻው በፊት ነፃ ኦዲተር አስገብታችሁ አስፈትሹ፤ ስህተት ከተገኘም ማስታወቂያው እንዲሻሻል ራሳችሁ አመልክቱ።

በመጨረሻ ሁለት ማሳሰቢያዎች። የገቢ ግብር አዋጁ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስለተለወጠ ከላይ የጠቀስኳቸው የ2 በመቶው ቅናሽና የብር መነሻዎቹ ለ2016 የግብር ዘመናችሁ እንጂ ለአሁን ክፍያዎች አይደሉም። ማሻሻያው በሽያጭ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ዝቅተኛ ግብር ስላመጣም ትርፋቸው አነስተኛ ለሆነ ድርጅቶች የሚተርፈው ቅድመ ግብር ሊቀንስ ይችላል። ይህንን ለ2018 ዕቅዳችሁ ከሒሳብ ሹማችሁ ጋር አስሉት። እንዲሁም ፋይላችሁ በክልል ገቢዎች ቢሮ ሥር ከሆነ የክልሉን አዋጅ አንቀጾች መጥቀስ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን ስታዘጋጁ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ሁለቱን ሠንጠረዦችና ለሦስቱ ገዢዎች የጻፋችሁትን ደብዳቤ ይዛችሁ ከጠበቃችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የ2017ቱ ማስታወቂያ ግን ይህ ሳያልቅ አይፈረም።