የክትክታ ዘርዎ አልሞተም

ጥያቄ፦ «ተዳፋቱን መሬቴን ክትክታ ላለብሰው ብዬ ዘሩን ከተራራ ለቅሜ በችግኝ ፕላስቲክ ዘራሁት። ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ። ከወር በላይ ሆነው፤ የወጣው ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ነው። ማዳበሪያ ልጨምርበት?»

መልስ፦ ማዳበሪያው ይቅርብዎ። ክትክታ ድንጋያማና የተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ አፈር አያማርጥም። ደብዳቤዎ ላይ ከመዝራትዎ በፊት ዘሩን ምን እንዳደረጉት አልተጻፈም። እንደለቀሙት የዘሩት ይመስለኛል። ችግሩም እሱ ነው።

የክትክታ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ውሃ አያስገባም። ተክሉ ራሱን የሚጠብቀው በዚህ ነው፤ አንድ ካፊያ ሲጥል ሁሉም በቅሎ ፀሐይ እንዳይጨርሰው። እስኪ ከፕላስቲኩ ጥቂት ዘር ቆፍረው ይዩ። በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ በስብሷል። ጥቁር፣ ጠንካራና እንደተዘራበት ቀን ትንሽ ከሆነ ግን ውሃ አልገባውም ማለት ነው። የእርስዎ እንዲህ እንደሚሆን እገምታለሁ።

መፍትሔው ሙቅ ውሃ ነው። መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ የደረቀውን ፍሬ በእጅዎ አሽተው ክንፉን ያበጥሩት፤ የሚፈለገው ውስጡ ያለው ጥቁሩ ዘር ነው። ውሃ ያፍሉና ከእሳት ያውርዱት። መንተክተኩን ሲተው ዘሩን ይጨምሩበት። ውሃው ከዘሩ ብዙ እጥፍ ይብለጥ፤ ካነሰ ቶሎ ይበርዳል። ዘሩን እሳት ላይ እንዳለ እንዳይቀቅሉት፣ ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ከዚያ እዚያው ውሃ ውስጥ እንደቀዘቀዘ ይደር።

ጠዋት ሲያዩት ከፊሉ አብጦ ያገኙታል። ያበጠውን ሳይደርቅ በዚያው ቀን ይዝሩት። ያላበጠውን አይጣሉት፤ አንዴ ደግሞ ሙቅ ውሃ ያሳዩት። ሁሉንም ዘር በአንድ ቀን አይጨርሱ። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ሙሉ ይሞክሩና ውጤቱን ካዩ በኋላ የቀረውን ይቀጥሉ።

ሲዘሩ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙም አጥልቀው አይቅበሩት። አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ይሻላል። ላዩን ደረቅ ሣር ጣል ያድርጉበት፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ያንሱለት።

አሁን ስለ ውሃው ልቆጣዎት ነው። ጠዋት ማታ ማጠጣት በየችግኝ ጣቢያው የማየው ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ድርቅ የሚችል ተክል ሁልጊዜ ጭቃ ውስጥ ሲቆም ቡቃያው ከግንዱ ሥር ይበሰብስና ይወድቃል። የተረፈውም ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፤ ውሃው ላይ ላዩን እያለለት ለምን ብሎ? እስኪበቅል አፈሩ እርጥበቱን አይጣ። ከበቀለ በኋላ ግን ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ያን ቀን አያጠጡ።

ክረምቱ ከመግባቱ ከሦስት አራት ወር በፊት ቢዘሩ ችግኙ ለዝናቡ ይደርስልዎታል። ሊተክሉ ጥቂት ሳምንት ሲቀር ጥላውን ያንሱለት፣ ውሃውንም ያሳሱበት። የሚተክሉት ዝናቡ ሲጸና ነው፤ ፕላስቲኩን ቀደው ያውጡለት፣ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ግን አይፍረስ።