ከከተማ ወጥተን ምን እንጫን? የቅዳሜ ጠዋት ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ከአስፋልት ወጥተን ፒስታና በረሃ መንዳት የምንወድ ሰዎች ነን። ዝናቡ ስላባራ ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም የጉዞ ጥያቄ ይዞ መጣ። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ መንገድ ስለተመላለስኩ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። እዚያ የመለስኩትንና ሰዓት ስላልበቃን የቀረውን አንድ ላይ ጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛሁ። ኅዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አፋር፣ እስከ አሳሌ ልንወርድ ነው። ዊንች (የተያዘን መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ላስገጥም ወይስ ጎማ ልቀይር? ብሬ ለሁለቱም አይበቃም።

ጎማ ቀይር። ዊንቹን እዚያ ምን ላይ ታስረዋለህ? አሳሌ ጨው ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለውም።

ከጎማው ቀጥሎ የሚያስፈልግህ ነገር ውድ አይደለም። እጀታው አጠር ያለ አካፋ ያዝ። ጥሩ ክሪክ ያዝ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም አብሮ ይኑር። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ያለ ጣውላ አሸዋ ላይ የቆመ ክሪክ መኪናውን አያነሳም፣ ራሱ ይቀበራል። ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኮምፕረሰርና የንፋስ መለኪያ ጨምር። አሸዋ ስትገባ ንፋሱ 35 ፒኤስአይ የነበረውን ጎማ ወደ 20 ገደማ አውርደው። ጎማው ይዘረጋል፣ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። አስፋልት ስትደርስ ግን ሳትነፋ አትንዳ። የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

ወደ ኤርታ አሌ ካሰባችሁ ስኮርታ ሁለት ይሁን። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ስለታም ነው፣ ጎማውን ከጎኑ ይቀደዋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ጎሚስታም አይመልሰው። እዚያ አካባቢ ጎሚስታ ራሱ የለም።

ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ)፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ናስትሮ፣ ፊውዝና የናፍጣ ፊልትሮ ከሶማሌ ተራ ግዛ። ስትሄድ አሮጌውን ቺንጋ ፈትተህ በእጅህ ይዘህ ሂድ። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም አትመነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ቁጥሩን አንብብ። ከዚያ ቤትህ በር ላይ፣ በራስህ መፍቻ፣ በራስህ እጅ ግጠመው። እዚህ መግጠም ካቃተህ እዚያ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አትችለውም።

ጥያቄ፦ እኔ ደብል ካብ ነው የምነዳው። ናፍጣውን በጀሪካን አድርጌ ፖርቶመጋላ ላይ ብጭነው ምን ችግር አለው? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቶሎ ቶሎ እወጣለሁ።

ባይጭኑት እመርጣለሁ ጋሼ። 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ጀሪካን ሲሆን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ አስቀምጠው እንደመንዳት ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ያን ክብደት በየጥምዝምዙ ይሰማዎታል። መኪናው ወደ ገደሉ የሚሳብ ይመስላል። ከባዱን ነገር ሁሉ ከታች፣ ወደ ካቢኑ አስጠግተው ይጫኑ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ድንኳንና ሸራ ብቻ ይውጣ።

ጀሪካኑን እስከ አፉ አይሙሉት። አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉለት፣ ናፍጣው ቆላ ሲወርድ ይሰፋል። ማደያ በጀሪካን እንደማይቀዳልዎት ያውቃሉ፣ ፈቃዱን ቀድመው ይጠይቁ። ነዳጅ አሁን በስልክ ስለሚከፈልም ኔትወርክ ካለበት የመጨረሻ ከተማ ላይ ታንኩን ይሙሉ። የግድ ሆኖ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ከገዙ፣ ብርሃን ላይ ይዘው ይዩት። ውሃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ይቅዱ። በአስፋልት ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበላ መኪና በአሸዋና በከባድ ማርሽ 20 ሊበላ ይችላል። ሒሳቡን በዚያ ይሥሩት።

ጥያቄ፦ አራት ሰዎች ነን፣ ሁለታችን ጾመኞች ነን። ለአምስት ቀን እንጀራ ይዘን እንሂድ? ስንት ሊትር ውሃስ?

እህቴ፣ እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ያዢ። ቆላ ላይ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ከዚያ ድርቆሽ ይሁን። ጥሩ አድርጎ የደረቀ ድርቆሽ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያል፣ ክብደትም የለውም።

ለበረሃ ከበሶ የሚበልጥ ምግብ አላየሁም። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ጾመኛም ያልጾመም ይበላዋል። በኩባያ፣ በውሃና በጥቂት ስኳር በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ፣ ወይ በጨው ትለውሺዋለሽ። ቆሎ ደግሞ ክዳን ባለው ጣሳ ከማርሹ አጠገብ ይቀመጥ። ሹፌር ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲጫጫነው ቆሎ ማኘኩ ያነቃዋል። ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከያዝሽ እራቱ አለቀ። ለማይጾሙት ቋንጣ ጨምሪ። ቱና በቆርቆሮ የሚገዙ አሉ፣ እኔ ብዙ አልይዝም። ያስጠማል።

ውሃ በቆላ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ነው፣ መጠጡና ማብሰያው አብሮ። ለአራት ሰው ለአምስት ቀን 100 ሊትር ይሆናል። 100 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላውን ዕቃ ቀንሺ እንጂ ውሃውን አትቀንሺ። በአንድ ትልቅ በርሜል አትያዢው። በአምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክፈይው፣ አንዱ ቢቀደድ አራቱ ይተርፋሉ። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግማችሁ እጠቡት። ናፍጣ ነክቶት የሚያውቅን ጀሪካን ግን ለውሃ በፍጹም አትጠቀሙበት።

ጀበና ይዘን እንሂድ ወይ ላልሽኝ፣ እኔ ትቼ ሄጄ አላውቅም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ማታ በረሃ ላይ ቡና ሲፈላ የቀኑ ድካም ይወጣል።

ጥያቄ፦ ባሌ ሄደን ሳኔቲ ላይ ልናድር ነው። ከሰል ይዘን መኪና ውስጥ እየሞቅን ብንተኛስ?

አይሆንም! ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። በተዘጋ መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል። ሞተር አስነስቶ መተኛትም እንደዚያው ነው።

የሳኔቲ ሜዳ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ይደርሳል። በበጋ ሌሊት ውሃ በሃይላንዱ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ብርዱ ከሰማይ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ከመሬት ነው የሚገባው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከመደረብ ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ ይሻላል። ደረቅ ካልሲና የሱፍ ኮፍያ ለማታ ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ።

እዚያ ባቄላ ለመቀቀል አትሞክሩ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሳኔቲ ላይ ደግሞ 87 እንኳ አይሞላም። ይፈላል፣ ግን አያበስልም። ምስር ክክ ወይም የተዘጋጀ ሽሮ ያዙ። የብስኩታችሁ ላስቲክ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ብታዩት አትደንግጡ፣ አየሩ ስለሳሳ ነው። መኪናችሁም ቱርቦ ከሌለው በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ ቀለል አድርጋችሁ ጫኑ። ከከፍታው የሚመጣው ራስ ምታት ከጠናና ማስመለስ ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጎባ ውረዱ።

ጥያቄ፦ ዋልካ ይዞህ ያውቃል? ዕቃውስ በምን ቅደም ተከተል ይጫን?

ሁለቱ ጥያቄ አንድ ነው። የአጫጫኑን ሥርዓት ያስተማረኝ ዋልካ ነው።

አንድ ነሐሴ ከቴፍኪ ወጣ ብሎ ካለ የእርሻ መንገድ ገባሁ። የበቾ ሜዳ አፈር በደረቅ ጊዜ እንደ ሲሚንቶ ነው። ሲረጥብ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠመጠማል፣ መከላከያው ሥር ሞልቶ ጎማው መዞር ያቆማል። መሸት ብሏል፣ ያካፋል። አካፋዬ የት ነበር? ከሁሉም ዕቃ ሥር፣ ወለሉ ላይ። ቀድሜ የጫንኩት እሱን ነበር። ፍራሹን፣ የምግቡን ካርቶን፣ የልጆቹን ልብስ አንድ በአንድ አውጥቼ ጭቃ ላይ ደረደርኩ። አካፋው እጄ ሲገባ ሌላው ሁሉ ረጥቦ ነበር። ገበሬዎች መጥተው ድንጋይና ገለባ ከጎማው ሥር እየነሰነሱ፣ እየገፉ አወጡን። ገንዘብ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

ከዚያ ወዲህ አካፋው፣ መጎተቻ ገመዱ፣ ክሪኩና ጣውላው መጨረሻ ነው የሚገቡት። የኋላ በር ሲከፈት ቀድመው የሚታዩት እነሱ ናቸው። የእጅ ባትሪውም እዚያው ታስሮ ይንጠለጠላል። ገመዱን ስታስር ከሻንሲው መንጠቆ ጋር እሰረው፣ ከፓራውልት ጋር አይደለም። መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ ጣልበትና ሰዉን አርቅ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ እግር ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ወንጪ እሄዳለሁ?

ትሄዳለህ፣ መንገዱ አሁን ጥሩ ነው። ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያዝ፣ አቀበቱ ባትሪ ስለሚበላ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ውጣ። ከአስፋልት ግን አትውረድ። ባትሪው ከሥር ነው፣ ድንጋይ ከመታው ጣጣው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ የመድኃኒት ቦርሳ ውስጥ ምን ይግባ?

ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ኦአርኤስ አሥር ፓኬት። ቆላ የምትሄዱ አጎበር ያዙ፣ ስለ ወባ መከላከያው ሐኪም ቀድማችሁ ጠይቁ። የዘወትር መድኃኒት ያለበት ሰው ለሁለት ቦታ ከፍሎ ይያዝ፣ ግማሹ ቦርሳው ውስጥ፣ ግማሹ መኪናው ውስጥ።

ጥያቄ፦ ከአፋር ስንመለስ መኪናውን ምን እናድርገው?

በዚያው ቀን አሳጥቡት። ከላይ አይደለም፣ ከሥር። የአሳሌ ጨው ባሌስትራው መሃልና ፍሬኑ ላይ ተጣብቆ ይመጣል፣ ሳይታይ ብረቱን ይበላል። አጣቢው ላይ ቆማችሁ በጨው ውስጥ ነው የመጣነው በሉት። ውሃውን ከሥር ሲረጭ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ጥርት ብሎ እስኪወርድ አታስቁሙት።