መልስ፦ «ስቴሬዮስኮፒ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ስቴሬዮስኮፒና ስሪ ዲ አንድ ናቸው ወይ?» ላሉት ጠያቂ፦ አይደሉም። ስሪ ዲ የሚባል ጌም በተራ ስክሪን ሲታይ ለሁለቱም ዓይኖች ያው አንድ ምስል ነው የሚደርሳቸው። ስቴሬዮስኮፒ ግን ለግራና ለቀኝ ዓይን የተለያየ ምስል አቅርቦ ጥልቀት እንዲታይ ማድረግ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ስቴሬዮስ» ጠጣር፣ «ስኮፔኦ» እመለከታለሁ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. በመስተዋት መሣሪያ አስረድቶታል።

አውራ ጣትዎን ፊትዎ ላይ አቁመው ዓይኖችዎን በየተራ ይጨፍኑ። ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ዓይኖቻችን 6.5 ሳ.ሜ. ያህል ስለሚራራቁ ነው፤ አንጎልም ርቀትን የሚገምተው ከዚህች ልዩነት ጭምር ነው።

ስቴሬዮስኮፒ በስልክም ይሠራል። 2 ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠ ነገር ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ስልኩን ሳያዞሩ 6.5 ሳ.ሜ. ወደ ቀኝ አንሸራተው ይድገሙ። ሁለቱን ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ከ6 ሳ.ሜ. ስፋት ሳይበልጡ አትመው የመጀመሪያውን በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ ያኑሩ። በመሃላቸው ካርቶን ያቁሙና ሩቅ እንደሚያይ ሰው ዓይንዎን ዘና አድርገው ይመልከቱ፤ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ።

ካልሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስልኩ በሁለተኛው ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ነው፤ ዓይን ያንን ማስተካከል ስለሚከብደው ራስ ያማል። ግራና ቀኙ ከተቀያየሩ ደግሞ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ሆኖ ይታያል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል አይምረጡ፤ በሁለቱ ፎቶዎች መሃል ቦታውን ይቀይራል። ከ2 ሜትር የቀረበ ነገር ከሆነ የሚያንሸራትቱትን ርቀት ይቀንሱ፦ ከስልኩ እስከ ነገሩ ካለው ርቀት አንድ ሠላሳኛው ይበቃል።