ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥሩስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ፣ ከአያቴ በወረስኩት ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በኖራ የተቀባ። በሩና መስኮቶቹ እንጨት ናቸው፤ በሰማያዊ ዘይት ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሣ ነው። የሁለት ዓመት ልጄ መስኮቱ ሥር ቆሞ በጥፍሩ እየላጠ አፉ ውስጥ ይከታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን በቪዲዮ ስታይ ጮኸችብኝ። ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት መኖሩን የሚያሳዩ፣ የጆሮ መጥረጊያ የሚመስሉ መመርመሪያ ጥጦች በሰው ላከችልኝ። አንዱን በሩ ላይ አሸሁት፤ ጥጡ አልተለወጠም። ባለቤቴ «በቃ፣ ነፃ ነው» ብሎ ለገና በግራይንደር ሊፍቀው ተዘጋጅቷል። ይፍቀው ወይ?
የልጅ እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ አይፍቀው።

ጥጡ አልዋሸሽም። ስለ ሰማያዊው ጠየቅሽው፣ ስለ ሰማያዊው መለሰልሽ። ከሥሩ ስላለው መች ጠየቅሽው?

እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት በቀለም ቀቢነት ኖሬአለሁ። የእነዚያን ቤቶች በር ገበናውን አውቀዋለሁ። አሮጌውን ቀለም ልጦ የሚቀባ አልነበረም። በዓል በመጣ ቁጥር በላዩ ላይ መደረብ ነው። ባለቤቱም ገንዘቡን፣ እኔም ጉልበቴን እንቆጥባለን። የጣና እርጥበት ደግሞ ቀለም አያስከርምም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እንጠራለን። የአያትሽ በር ላይ አምስትና ስድስት ድርብ ብታገኚ አይግረምሽ።

አዲስ ምላጭ ውሰጂ። ማጠፊያው አጠገብ፣ ልጁ የማይደርስበት ቦታ፣ በሰያፍ እስከ እንጨቱ ድረስ ቁረጪ። የተከፈለ ሽንኩርት ይመስላል፤ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ምናልባት አረንጓዴ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከዚያ እንጨቱ። ጥጡ መታሸት ያለበት በዚያ ቁራጭ ላይ ነው፣ ሁሉንም ድርብ እንዲነካ። የወደቀችውን ፍርፋሪ በእርጥብ ጨርቅ አንሺ። ወደ ሮዝ የሚለወጠው ዓይነት ከሆነ ጀሶ እንዳይነካው ተጠንቀቂ፤ የጀሶው ሰልፌት እርሳሱን ይደብቅበታል። ቀይ ቀለም ላይም አትተማመኚበት። የቀለሙን ቅላት ይዞ ይወጣና ያደናግርሻል።

እኔ የምጠረጥረው አረንጓዴውን ነው። ድሮ ቢጫውን፣ ብርቱካናማውንና ቀዩን ያደምቅ ከነበረው አንዱ ሊድ ክሮሜት የሚባል የእርሳስ ውህድ ነው። አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ ያው ቢጫ ከሰማያዊ ጋር ተደባልቆ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ስንት የትምህርት ቤት አጥር በእነዚህ ቀብቻለሁ መሰለሽ! (የተማሪ እርሳስ ውስጥ ያለው ግን ግራፋይት ነው፤ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው።) ኖራው አያስጨንቅሽ። ጣጣው ያለው ዘይት ቀለሙ ጋ ነው፣ እኛ ሲንተቲክ የምንለው።

እህትሽ «አሮጌ ቤት» ስትል የአገሯን ቀን መቁጠሪያ ይዛ ነው። እዚያ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በፈረንጅ 1978 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት ብዙም አያሰጋቸውም። የእኛ ደንብ የወጣው በፈረንጅ 2018 ነው፤ በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም በላይ እርሳስ አይፈቅድም። ስለዚህ እዚህ አገር የቤቱ ዕድሜ ብዙ አይነግርሽም። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት የተቀባ የብረት በርም ያው ተጠርጣሪ ነው።

ጥጡ ቢለወጥም ባይለወጥም የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪ ነው። ከምላጩ ቁራጭ ሁሉም ድርብ ያለበትን፣ እንጨት ያልተቀላቀለበትን ቀለም በንጹሕ ፌስታል ቋጥረሽ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል ሄደሽ ይመረምሩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ውጤቱ በፒፒኤም ከመጣ (ያው በአንድ ኪሎ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ማለት ነው)፣ 90 የሚባለው ለአዲስ ቀለም ነው። አሜሪካኖች አሮጌ ቤት ላይ «የእርሳስ ቀለም» የሚሉት 5,000 ፒፒኤም ሲደርስ ነው። ለሚልስ ልጅ ግን በሁለቱ መሀል ያለውም አይናቅም።

አሁን ስለ ግራይንደሩ። አንድ ጊዜ ጣና ዳር ካለ ግቢ የበረንዳ ብረት ልፍቅ ተጠራሁ። ቢጫ ነበር። ደረቁን በግራይንደር አስጮህኩት። ቀና ስል እትዬ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተዋል፤ ቀዩ በርበሬ ላይ ቢጫ ዱቄት እንደ ሽሮ ተነፍቶበታል። «በርበሬዬን!» ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ «ቀለም እኮ ነው፣ ሲራገፍ ይለቃል» አልኳቸው። ያ በርበሬ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዛሬ ላይ ሳስበው አፍራለሁ። ተለጥፎ የተቀመጠ ቀለም ሲፈጭ ነው ወደ ትንፋሽና ወደ ምግብ የሚገባው።

ልጁን ሐኪም አሳዪውና ቀለም መብላቱን በግልጽ ንገሪ። ሲጫወትና ሲስቅ አይተሽ አትዘናጊ፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይጎዳም የሚባል መጠን የለም ይላል። በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከደረሰ ደግሞ ምንጩ ተፈልጎ እንዲቆም ይመክራል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳሱን ይበልጥ ስለሚመጥ፣ ስለ አመጋገቡም ጠይቂ።

እስከዚያው አልጋውን ከመስኮቱ አርቂ። የመስኮቱን ደፍና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ በደረቅ መጥረጊያ አታቡኚው። እጁን ከምግብ በፊት ታጠቢለት። ዶሮ ካለሽም ከመስኮቱ ሥር አርቂያት፤ የለቀመችው ወደ እንቁላሏ ያልፋል።

እርሳስ ከተገኘ ሁሉንም ማውለቅ የለብሽም። ደህና የተለጠፈው በላዩ ቢቀባ ይበቃል። አስቸጋሪው የሚፋተገው ነው፤ የመስኮቱ ጠርዝና የበሩ መዝጊያ። እሱን የሚሠራው ሰው ከሥሩ ፕላስቲክ ዘርግቶ፣ ውሃ እየረጨ፣ በእስፓቱላና በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ይላጠው። ያን ቀን አንቺና ልጁ ዘመድ ቤት ዋሉ። መስኮቱ ከተበላሸ አዲስ ማሠራቱ ይቀላል። አሮጌውን ግን ለማገዶ የሚወስድ ጎረቤት አይጠፋምና እንዳትሰጪ። በዚያ እንጨት እንጀራ ከተጋገረ እርሳሱ በጭሱም በአመዱም ይወጣል።

የአያትሽ በር ይቆይ፤ የዚያ ዘመን እንጨት ዛሬ አይገኝም። ባለቤትሽ ግራይንደሩን ተውሶ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይመልስ።